የጥናት ጨዋታ በግቢያችሁ፦ ከአዳራሽ ደብዳቤ እስከ ሲኒ ቆጠራ

"ያንን የጥናት ጨዋታ እንዴት ነው የምታዘጋጁት?" ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። ደሴ መናፈሻ ታክሲ ስጠብቅ ይጠይቁኛል። ከወልዲያ የሚደውል አለ፤ ከኮምቦልቻ በቴሌግራም የሚጽፍ አለ። ለእያንዳንዱ ግማሹን እነግረዋለሁ፣ ግማሹን እረሳዋለሁ። በኋላ "ይህንንስ አልነገርከንም" የሚል ወቀሳ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ተመራማሪዎች መድረክ ላይ ይወጣሉ። መምህር፣ የማስተርስ ተማሪ ወይም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ ጥናቱን በ8 ደቂቃ እንደ ጨዋታ ያወራል። አድማጩ ይስቃል፤ ሲወጣ ደግሞ አንድ ነገር አውቆ ይወጣል። ተናጋሪዎቹ ከተለያየ አካባቢ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና የትምህርት ክፍል ይመረጣሉ። ወሎ ያለ ግቢ ውስጥ የአፋር፣ የወላይታ፣ የከሚሴና የዋግ ልጅ አንድ ዶርም ያድራሉ። ማን ምን እንደሚበላ ያውቃሉ። ማን ምን እንደሚያጠና ግን አያውቁም። የብዝኃነት ቀን ሲባል ብዙ ጊዜ የባህል ልብስና ጭፈራ ነው። እዚህ ሰው መድረክ የሚወጣው በሥራው ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ ነው የሚያገለግሉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ150 ሰው)

- ሞንታርቦ 2፣ ማይክ 2። አንዱ ማይክ ባለ ገመድ ይሁን።
- ለገመድ አልባው ማይክ ትርፍ ባትሪ ድንጋይ
- ጀነሬተር ከነነዳጁ፣ ካልተገኘ ቻርጅ የተደረገ ስፒከር
- የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ገመዱን መሬት ላይ የሚያጣብቅ ሰፊ ፕላስተር
- አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ፣ ለሰዓት ጠባቂው
- ቁራጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ካርቶን፣ ለጥያቄ
- የተቆላ ቡና 1 ኪሎ ተኩል፣ ስኳር፣ ፔርሙስ፣ ሲኒ 60 (እያጠቡ ማዞር ነው)
- ቆሎ 6 ኪሎ፣ ወተትና ቅቤ ያልገባበት ድፎ ዳቦ 4

ፕሮጀክተር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም፤ ምክንያቱን 4ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ቀንና ሰዓቱን ቁረጡ

የእኔ ምርጫ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ10:00 እስከ 11:45 ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዓርብ የጁምዓ ሶላት አለ። ቅዳሜን የሚያከብሩ ተማሪዎች አሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚውል አለ። ሐሙስ ማንንም አያስቀርም። በ10:00 የዐሱር ሶላት አብዛኛውን ጊዜ ተሰግዶ አልቋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 12:00 ገደማ ስለሆነ 11:45 ላይ ካበቃችሁ መግሪብም አይነካም። ሴት ተማሪዎችም ሳይጨልም ዶርማቸው ይገባሉ።

ረመዷንንና የፈተና ሳምንትን ዝለሉ። ሌላም አለ፤ አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በበልግ አታዘጋጁ። ከሰዓት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሞንታርቦም አያድናችሁም።

2. ደብዳቤውን ከሦስት ሳምንት በፊት አስገቡ

ለአዳራሹ፣ ለተማሪዎች ዲንና ለግቢው ጥበቃ። ጥበቃውን የሚረሳው ብዙ ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ካሉ የስም ዝርዝራቸው በር ላይ ቀድሞ መድረስ አለበት። ማኅተም ያለበትን ቅጂ በዕለቱ ኪሳችሁ ያዙ።

ደሴና ኮምቦልቻ በየራሳቸው ግቢ ካላቸው ተቋማት ከሆናችሁ መንገዱንም አስቡ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት በጉም መውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ከታች የሚመጣው ተናጋሪ 8:30 ላይ ይነሳ። ጃኬት እንዲይዝም ንገሩት፤ ኮምቦልቻ በቲሸርት ወጥቶ ደሴ እየተንቀጠቀጠ የሚያወራ ሰው አያስቅም።

3. ተናጋሪዎቹን ራሳችሁ ፈልጉ

ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ማስታወቂያ አይተው የሚመጡት ሁልጊዜ ማይክ የሚይዙት ሰዎች ናቸው። ላብራቶሪ ግቡ፤ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ መምህራንን "ጥናቱን ሲያወራ ዓይኑ የሚበራ ተማሪ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ የትምህርት ክፍል ከአንድ ሰው በላይ አትውሰዱ። ከስድስቱ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። ሴቶች መጀመሪያ ሲጠየቁ "እኔ ጨዋታ አልችልም" ይላሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ባይችሉም እሺ ይላሉ። ስለዚህ ሴቶችን ሁለት ጊዜ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንንም ስለ ትውልድ አካባቢው እንዲያወራ አትጠይቁ። እኔ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ የአፋር ልጅ አገኘሁና "ስለ ግመል ትነግረናለህ" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። "እኔ የማጠናው ኮንክሪት ነው" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። መድረክ ወጥቶ ያወራው ይህንኑ ነበር። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ከውኃ ጋር ኬሚካላዊ ውሕደት ስለሚፈጥር ነው። ለዚህ ነው የተሞላ ኮንክሪት ለቀናት ውኃ የሚጠጣው። "በረሃ አድጌ፣ አሁን ሥራዬ ሕንፃ ሥር ቆሜ ውኃ አጠጡት እያልኩ መለመን ነው" ሲል አዳራሹ ፈረሰ። ግመልን ብጭንበት ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀርብኝ ነበር።

4. ንግግሩን አብራችሁ ሥሩ

ብዙው ድካም እዚህ ነው። ከዝግጅቱ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው የጥናት ውድድር ለአንድ ሰው 3 ደቂቃና አንድ ስላይድ ብቻ ይሰጣል። ሞከርነው። ለእኛ አጠረ፤ ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። 15 ደቂቃ ሰጥተንም አይተናል፤ አራተኛው ሰው ላይ አዳራሹ ባዶ ነበር። 8 ደቂቃ ልክ መጣ።

8 ደቂቃ በጽሑፍ 600 ቃል ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ከጻፈ ለሳቅ ጊዜ አይተርፍም። ሳቅ እየተሰማ የሚያወራ ሰው ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ያቃጥለዋል። ዝም ብሎ መጠበቅን ይልመድ።

ስላይድ የለም። ስላይድ ካለ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አድማጩ ደግሞ ማንበብ ይጀምራል። የሚያነብ ሰው አይስቅም። መብራት ቢጠፋም የሚበላሽ ነገር አይኖርም። በእጅ የሚያዝ ዕቃ ግን ይፈቀዳል፤ ክራር፣ ድንጋይ፣ የማሽላ አገዳ። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ክራር ይዞ ቢወጣና የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት እየመታ የእያንዳንዱን ክር ንዝረት በስልኩ ቢያሳይ ማን ይሰለቸዋል? ሁለቱም ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ቦታ ነው፤ አድማጩ ገና ሳይጀመር የራሱ አድርጎታል።

አሁን አንድ ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሥራ። አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ አቀንጭራን፣ ማሽላ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን አረም፣ ታጠናለች እንበል። የጥናቷ ርዕስ ሁለት መስመር ይሞላል። ያንን ርዕስ መድረክ መሪው እንኳ አያንብበው።

*ከ0 እስከ 1 ደቂቃ፦* አድማጩ ቤት ባለ ነገር ትጀምር። "እኛ ቤት እንግዳ መጣ። አልጠራነውም። ማዕዱ ሲቀርብ ግን እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።" ወሎ ላይ ቤት ለእንግዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ጆሮውን ያቆማል።

*ከ1 እስከ 3፦* እንግዳው አቀንጭራ መሆኑ ይገለጥ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር ላይ ይጣበቅና ውኃዋንና ምግቧን ይጠጣል።

*ከ3 እስከ 6፦* ጉዳዩ። ለምን ልክ ማሽላዋ አጠገቡ ስትበቅል ይነቃል? የማሽላዋ ሥር የሚረዷትን ጥቃቅን ፈንገሶች ለመጥራት አንድ ኬሚካል ይለቃል። አቀንጭራው ያንን ጥሪ ይሰማል። ማሽላዋ ቡና ጠጡ ብላ ጎረቤት ስትጣራ ሌባው ሰማ ማለት ነው። ሳቁ እዚህ ይመጣል፤ ዋናው ሳይንስም እዚሁ ነው። እሷ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራውን ከዚህ ቀጥላ ትናገር።

*ከ6 እስከ 7:30፦* ያልተሳካላት ነገር። በበሰበሰ ናሙና ያለቀ አንድ ወር ሊሆን ይችላል። ሰው የሚወደው ይህንን ክፍል ነው፤ ተመራማሪው ግን ሁልጊዜ መቁረጥ ይፈልጋል። አታስቆርጡት።

*የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ፦* ወደ እንግዳው ተመልሳ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትዝጋ። "ስለዚህ እኔ የማጠናው ማሽላ ጎረቤቷን በሹክሹክታ እንድትጠራ ነው።"

ልብ በሉ፤ ቀልዱ ሳይንሱን ተሸክሞታል። ቀልዱን ስታወጡት ሳይንሱም አብሮ ከወጣ ንግግሩ በደንብ ተሠርቷል። ቀልዱ ወጥቶ ምንም ካልጎደለ ግን ተለጥፎ ነበር ማለት ነው። ሰው የተለጠፈውን ቀልድ ይዞ ይሄዳል፣ ጥናቱን ይረሳል።

መግቢያውን ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። እንሰት የሚያጠና የወላይታ ልጅ ስለ ቆጮ አመራረት ሊጀምር ነበር። ልምምድ ላይ የተክሉን ፎቶ አንዷ የወሎ ቦረና ልጅ አየችና "ይህማ ኮባ ነው! እናቴ ድፎ የምትጋግርበት" አለች። መግቢያው ተገኘ። እነሱ ግንዱንና ሥሩን አብላልተው ይበላሉ፣ እኛ በቅጠሉ ዳቦ እንጋግራለን።

5. ቀልዱን በወንፊት አሳልፉት

እያንዳንዱን ጽሑፍ ከአንድ ሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች ያንብቡት። ሁለቱ ከተናጋሪው የተለየ ብሔረሰብና ሃይማኖት ይኑራቸው። ወንፊቱ ይህ ነው፦

- ተናጋሪው በራሱ፣ በጥናቱ፣ በመሣሪያው፣ በአይጡ፣ በቢሮክራሲው ይሳቅ።
- በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በአነጋገር ዘዬ፣ በመልክ፣ በሴትነትና በአካል ጉዳት አይሳቅም። "የእኛ ልጆች እኮ አይቀየሙም" የሚል ክርክር ይመጣል። አትቀበሉት።
- የራሱን ብሔረሰብ የሚቀልድም ይጠንቀቅ። መድረክ ላይ በፍቅር የተባለው ነገር ነገ ዶርም ውስጥ በሌላ አፍ ይደገማል።
- ፖለቲካ የለም። 8 ደቂቃው ለጥናቱም አልበቃም።

አንባቢዎቹ በአንድ ቀልድ ካልተስማሙ ቀልዱ ይወጣል። ድምፅ መስጠት አያስፈልግም። አንድ የተከፋ ሰው ካለ አዳራሹ ውስጥ ሌሎች 20 አሉ፤ እነሱ ግን አይነግሯችሁም፤ ለሚቀጥለው አይመጡም፣ በቃ።

6. ቋንቋውን ወስኑ

ሰው በሚያስቅበት ቋንቋ ያውራ። አብዛኛው አማርኛ ይመርጣል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚመርጥ ካለ አስተርጓሚ መድቡና ጽሑፉን ወደ 300 ቃል አሳጥሩት፤ ትርጉሙ ጊዜውን ያጥፈዋል። አማርኛ የሚያወራውም ቢሆን ሲጀምር በእናት ቋንቋው ሰላምታ ይስጥና ከጥናቱ አንድ ቃል አዳራሹን ያስተምር። 150 ሰው አንድ ላይ ቃሉን ሲደግም ደስ ይላል።

የትምህርት ክፍሉን ቃላት ከሦስት አታሳልፉ። ሦስቱም በተራ ቋንቋ ይፈቱ።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሉ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ጽሑፉን ከሦስት ቀን በፊት ይያዝ። ቀልድ ድንገት አይተረጎምም። ቦታውም ከተናጋሪው ጎን፣ መብራት ያለበት ይሁን። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ዕቃ ያነሳ ሁሉ ምን እንዳነሳ በቃል ይናገር። መድረኩ ደረጃ ብቻ ካለው ተናጋሪዎች በሙሉ ከታች ይቁሙ፤ አንዱን ለብቻው ከታች ማቆም ይከብዳል።

7. ሁለት ጊዜ ተለማመዱ

የመጀመሪያው ልምምድ ጥናቱን ከማያውቅ ሰው ፊት ነው። የግቢው ላውንጅ አስተናጋጅ ምርጥ ዳኛ ናት፤ እሷ ካልገባት አዳራሹም አይገባውም። ሁለተኛው አዳራሹ ውስጥ፣ በማይክና በሰዓት ነው። ከጽሑፍ ማንበብ እዚህ ላይ ይቆማል። የሚፈራ ሰው አምስት ቃል መዳፉ ላይ ይጻፍ።

8. መድረክ መሪውን አስተምሩት

ከሁሉም ቀልደኛውን ሰው አትምረጡ። በእያንዳንዱ መሐል ስድስት ቀልድ ካወራ ጊዜው የእሱ ይሆናል። በተናጋሪዎች መካከል 2 ደቂቃ አለው። ስማቸውን በትክክል መጥራት ትልቁ ሥራው ነው። ስም ሲበላሽ ባለቤቱ የሚሰማው "እንግዳ ነህ" የሚል ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ ከራሳቸው አፍ ሰምቶ ይለማመድ። አንዱ መድረክ ላይ ቃል ከጠፋበት መሪው ከጎን "አብሽር!" ይበለው፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ቃሉም ይመለሳል።

9. የዕለቱ ቅደም ተከተል

- 10:00 መክፈቻ፣ 5 ደቂቃ። የክብር እንግዳ ንግግር አይገባም። ግድ ከሆነ 2 ደቂቃ፣ ካርዱ ለእሳቸውም ይነሳል።
- 10:05 ሦስት ተናጋሪዎች፤ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ንግግር፣ 3 ደቂቃ ጥያቄ፣ 2 ደቂቃ መሸጋገሪያ
- 10:44 ቡና፣ 20 ደቂቃ
- 11:04 ሌሎቹ ሦስት
- 11:45 ማብቂያ

ጠንካራውን ተናጋሪ ሁለተኛ፣ ከሁሉ ጠንካራውን የመጨረሻ አድርጉ። የመጀመሪያው የማይፈራ ሰው ይሁን፤ አዳራሹ ገና ቀዝቃዛ ነው። ሰዓት ጠባቂው ፊት ለፊት ይቀመጥና 6ኛው ደቂቃ ላይ አረንጓዴ፣ 7ኛው ላይ ቢጫ፣ 8ኛው ላይ ቀይ ያንሳ።

ቡናው አቦል ብቻ ነው። ቶናና በረካ እንጠብቅ ካላችሁ ሁለተኛው ዙር ለነገ ያድራል። ዕጣኑን ውጭ አጭሱ፤ አስም ያለበት አለ። ሥጋ ያለበት ነገር በፍጹም አታቅርቡ። አንድ ጊዜ የሥጋ ሳምቡሳ አዘዝን። ማን እንዳረደው ጥያቄ ተነሳ፤ ግማሹ ሰው እጁን ሰበሰበ፣ የቀረውም አፍሮ ተወው። ቆሎና ድፎ ማንንም አይለይም።

10. ጥያቄን በወረቀት ሰብስቡ

ማይክ ለአድማጭ አትስጡ። ማይክ የያዘ ሁሉ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት" አለው። ቁራጭ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ መሪው ሁለት መርጦ ያነባል። ዓይናፋሩም፣ አንደኛ ዓመቱም፣ አማርኛው የሚያደናቅፈውም እኩል ይጠይቃል። ነገር ፍለጋ የተጻፈውም ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል።

11. ቪዲዮውን በፈቃድ

የ10 ሰከንድ ቁራጭ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ቀልዱ ያለ መነሻው ይሰራጫል፤ ተናጋሪው ሊጎዳበት ይችላል። መክፈቻው ላይ "ስልክ ኪስ ውስጥ" ብላችሁ አስታውቁ። የሚቀርጸው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከመለጠፉ በፊት ተናጋሪው ሙሉውን አይቶ በጽሑፍ ይፍቀድ። እምቢ ካለ ይጠፋል፤ አትለማመጡት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አስር ተናጋሪ መጋበዝ። "ሁሉም ይወከል" ተብሎ ይጀመርና ማንም ሳይሰማ ያልቃል። ስድስት አድርጉ፣ የቀሩት ለሚቀጥለው ወር።

ተናጋሪውን በብሔረሰቡ ማስተዋወቅ። "ከእገሌ ክልል የመጣው" ሳይሆን "ኮንክሪት የሚያጠናው" በሉ። ከየት እንደመጣ መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል።

ዳኛና ሽልማት ማስገባት። አንደኛ የወጣው ከየት ነው የሚለው ወሬ ጨዋታውን ይበላዋል።

ማይኩን በዕለቱ መሞከር። የገመድ አልባ ማይክ ባትሪ ድንገት ሊያልቅ ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት፣ ከመጨረሻው ወንበር ሆናችሁ ስሙት።

ሲኒ ሳይቆጥሩ መበደር። ስትወስዱ ባለቤቷ ፊት ቁጠሩ፣ ስትመልሱም ቁጠሩ። እኔ እስካሁን አራት ሲኒ ዕዳ አለብኝ።